የዘለለው ዓሣ

ትልቋ አክስቴ አያቴን ከቤቱ አውጥታ ልትወስደው በመጣች ቀን፣ እኔና አንድ ዓሣ ሆነን አተረፍነው። ዓሣው ሞቶ ነበር፤ ቢሆንም ድርሻው ቀላል አልነበረም። ዘመድ በተሰበሰበበት ሁሉ ይህን ታሪክ እያወራሁ፣ እየተሳቀልኝም ነው ያደግኩት። የቱ ጋ እንደተሳሳትኩ ያወቅኩት ገና ቅርብ ጊዜ ነው፤ እሱን ኋላ እደርስበታለሁ።

ያኔ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ነበር። ትምህርት ቤት ሲዘጋ እናቴ እኔንና ሻንጣዬን አያቴ ቤት አራግፋን ትመለሳለች። "ጓደኛ ትሆኚዋለሽ" ትላለች፤ እውነቱ ግን ቤታችን ውስጥ የሚሰበር ዕቃ ጨርሼባት ነበር። አያቴ የሚኖረው ወንዝ ዳር፣ ከወፍጮ ቤቱ በታች ባለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ብቻውን ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሰዓት ሲሠራ ኖሮ፣ በዚያ ዓመት ሱቁን ዘግቶ ጠረጴዛውን፣ ወረንጦዎቹንና ትንሿን ጉጠት ቤቱ አስገብቷቸዋል። ለምን ዘጋህ ሲሉት "ሰው ሁሉ ይቸኩላል፤ የቸኮለ ሰው ደግሞ ሰዓት አያሠራም" ይላል። ሰው ይስቃል፣ ነገሩም በሳቅ ያልፋል።

በሰዓት ጠረጴዛው ላይ አሁን የሚሠራው የላባ ዓሣ ነበር። መንጠቆውን ጉጠቱ ላይ ያጣብቅና ላባ፣ ፀጉርና የሚያብለጨልጭ ክር እየጠመጠመ ትንሽ ዓሣ የምትመስል ነገር ያወጣል። ደረቅ ሆና ስትታይ ከአሮጌ መጥረጊያ የወለቀች ነገር ትመስላለች። ውሃ ውስጥ ሲጎትቷት ግን ላባዋ ወደ ኋላ ይተኛል፣ ወገብ ታወጣለች፣ ትሸሻለች፣ ታነክሳለች። ትልቅ ዓሣ ደግሞ የሚያነክስ ትንሽ ዓሣ ሲያይ አያስችለውም። ጥሬ ዕቃ አቅራቢዋ እኔ ነበርኩ። የከረሜላ መጠቅለያ ከየመንገዱ እለቅማለሁ፤ የጎረቤት አውራ ዶሮ ገና ድምፄን ሲሰማ አጥር ይዘላል፤ የወፍጮ ቤቱ ውሻ ጅራትም በመቀሴ ሳስቶ ሳስቶ የአይጥ ጅራት አክሏል።

ድሮ አያቴ የሚያጠምደው በቡሽ ነበር። ቡሹ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል፤ ጥልቅ ካለ ዓሣ በላ ማለት ነው። በዚያ ዓመት የቡሾቹን ሣጥን እንዳለ ለመጫወቻ ሰጠኝ። "ቡሽ የሰነፍ ነው" አለኝ። እኔም አያቴ በስተርጅና ጎበዘ ብዬ ኮራሁበት። ቡሽ ዓይን እንደሚፈልግ፣ ላባ ግን በጣት ብቻ እንደሚጠመድ ለማስተዋል ብዙ ዓመት ፈጀብኝ። አያቴ ዓይኑ እየጠፋ ነበር። መጀመሪያ የሰዓቶቹ ጥርስ፣ ቀጥሎ የሰው ፊት ጠፋበት፤ እኔ በሄድኩበት ጊዜ የቀረችው ብርሃንና ጥላን የምትለይ ዓይን ብቻ ነበረች። ለማንም አልተናገረም።

እኔ የመሰለኝ ፈተና እየፈተነኝ ነው። እጁን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጎ ወደ ወንዙ እንወርዳለን፤ ስለሚወደኝ ነው ብዬ ትከሻዬን አሰፋለሁ። ዳር ስንደርስ ጥያቄው ይጀምራል።

"እስቲ ጉዴ፣ ውሃው ዛሬ ምን ይመስላል?"

"አረንጓዴ ነው።"

"ነጭ አረፋ የሚደፍቀውስ የቱ ጋ ነው?"

"ከትልቁ ድንጋይ ወዲህ።"

"ጎበዝ። እኔም እንደዚያ ነው ያየሁት" ይለኛል፤ እኔም የልብ ልብ ይሰማኛል።

ከድልድዩ በላይ ባለው ፈጣን ውሃ፣ ላባዋን ወደ ማዶ ያሻግራትና ዝም ብሎ ይቆማል። "እዚህ ሠራተኛው ወንዙ ነው፤ አንቺ ክሩን ወጥረሽ ብቻ ተከተዪው" ይላል። ወንዙ ላባዋን ይዟት ይወርዳል፤ እሷም እንደሚከፈት በር ዞራ ወደ እኛ ዳር ትመጣለች። ዓሣ የሚመታት ዙሩ ሲያልቅ ነው። የቸኮለ ቀድሞ ይስብና ባዶ እጁን ይቀራል። እኔ ሁሌም ባዶ እጄን እቀር ነበር።

ከወፍጮው በታች ያለው ጥልቅ ኩሬ ሌላ ጠባይ አለው። እዚያ ላባዋ መስመጥ አለባት፤ ስለዚህ ከአሮጌ ሰዓት የወጣ የነሐስ ጥርስ አንገቷ ላይ ያስርላታል። ወርውሮ ይጠብቃል። ሲጠብቅ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ለካ የልብ ትርታውን እየቆጠረ ነው። ከዚያ "ሳብ፣ ሳብ፣ ተው" ይለኛል። ዓሣው የሚነክሰው ተው የተባለ ጊዜ ነው፤ ደከመችልኝ ብሎ።

ግድቡ የፈጠረው ሐይቅ ዳር ደግሞ ነፋስ ፊታችንን የሚመታበትን ቦታ መርጠን እንቆማለን፤ ነፋሱ ትናንሾቹን ዓሦች ወደ ዳር ይገፋቸዋል፣ ትልልቆቹም ይከተላሉ። በሸምበቆው ጥግ ላይ ረዥም ረዥም እያደረጉ መሳብ ነው። ከኋላ ተከትሎ የሚመጣ ካለ እንዳትቆሚ ይላል። "ፍጠኚበት! የሚያስጎመጅ የሚሸሽ ነገር ነው።"

ውሃው ከደፈረሰ ትልቅና ጥቁር ላባ፣ ከጠራ ቀጭንና ነጭ ላባ ይታሰራል። ይህንን ሥርዓት እንደያዝኩ ተንኮል አማረኝ። አንድ ቀን ወንዙ ጭቃ ብቻ ሆኖ እየወረደ "እንደ መስታወት ጠርቷል" አልኩት። ነጯን ላባ ካወጣ በኋላ አንገቱን ቀና አድርጎ አሸተተ።

"ጉዴ" አለ፣ "መስታወትሽ ጭቃ ጭቃ ይሸታል። ጥቁሯን አምጪ።"

በሳቅ መሬት ላይ ተንከባለልኩ። ዓይን እንዲህ ከበረታ አፍንጫ ሲጨመርበት ምን ሊሆን ነው አልኩ።

አሁን ወደ አክስቴ። ርዕሰ መምህርት ናት፤ እናቴ ከጀርባዋ "ኢንስፔክተሯ" ትላታለች። የምትኖረው ከተማ ውስጥ ፎቅ ላይ ነው፣ አራተኛ ፎቅ። ወደ አያቴ ከመምጣቴ በፊት እሷና እናቴ ቤታችን ውስጥ ሲያወሩ ከጠረጴዛው ሥር ሆኜ ሰምቻለሁ።

"ብቻውን መኖር አይችልም" አለች አክስቴ። "ሥራውን እንኳ ትቷል እኮ! ለምን ተወው?"

"ደክሞት ይሆናላ" አለች እናቴ።

"እንደ ድሮው ከሆነ እሺ፣ ይቀመጥ። ካልሆነ ግን ይዤው ነው የምመለሰው። ቤቱም ይሸጣል። በዓይኔ አይቼ ነው የምወስነው።"

እኔ እንደገባኝ ከሆነ፣ የአያቴ ጥፋት ሥራ መፍታቱ ነበር። ሥራ የሌለውን ሰው ወደ ከተማ ወስደው ፎቅ ላይ ያስቀምጡታል። ስለዚህ መላው ግልጽ ነው፤ አያቴ ሥራ እንዳለው ይታይ፤ ሥራውም ዓሣ ማጥመድ ይሁን። አክስቴ ፊት አንድ ዓሣ ብቻ ከወጣ አለቀ፣ አያቴም ቤቱም ይተርፋሉ ብዬ ደመደምኩ።

አክስቴ የምትመጣው በከሰዓቱ አውቶቡስ ነበር። ጠዋት ማልደን የወፍጮው ኩሬ ላይ ወረድን። ባለወፍጮው ዱቄት በዱቄት ሆኖ በሩ ላይ ቆሟል። ምላሱ ከወፍጮው በላይ የሚፈጭ ሰው ነው።

"ልጄን በስልክ ምን አልካት?" አለው አያቴ።

"ኧረ ምንም ጋሼ! በሩን ትተው ግድግዳዬን ሲያንኳኩ አየሁ፤ እሱን ብቻ ነው የነገርኳት።"

"ግድግዳህ ሊወድቅ ነው ሲሉ ሰምቼ እየሞከርኩልህ ነበር።"

"ይሁና። ብቻ ይጠንቀቁ፤ ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል። እሷ ደግሞ መጎርጎር ትችልበታለች።"

ግድግዳውን ያንኳኳው እኔን ለማሳቅ እንደነበር በዚያን ዕለት አልተጠራጠርኩም፤ ስቄለትም ነበር። አያቴ ግን ላባዋን ወረወረ። ሳብ፣ ሳብ፣ ተው ላይ የማጥመጃው ዘንግ ጎበጠ። ክንዴን የሚያህል ዓሣ አወጣ። እዚያው ተቀምጦ፣ ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ እያወራኝ፣ ሆዱን በቢላዋ ከፍቶ አንጀቱን አወጣና አጠበው። ሳያይ መቁረጡን እንደ ጉራ ነው የቆጠርኩት። እርጥብ ሣር ውስጥ ጠቅልለን ለአክስቴ እራት ብለን ቦርሳው ውስጥ ከተትነው።

አውቶቡሱ የሚቆመው ግድቡ አጠገብ ነው። አክስቴ በተረከዘ ረዥም ጫማ ወረደችና አባቷን ሳመችው፤ ሳመችውና ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ ቆየች።

"እንግዲህ አጥማጅ ሆነሃል አሉ። አሳየኝ።"

"አሁኑኑ?"

"አሁኑኑ።"

"አያቴ ሥራ አለው!" ብዬ ጮህኩ። "ሥራ ፈት አይደለም! በየቀኑ ነው የሚሠራው!"

"አንቺ ልጅ፣ ከዚህ በኋላ አንዲት ቃል እንዳትወጣሽ። የምጠይቀው አባዬን ነው።"

አፌን ያዝኩ። ሐይቁ ዳር ስንደርስ ፀሐይ ወደ ማዶው ኮረብታ አዘንብላለች። አያቴ ነፋሱን በጉንጩ ፈልጎ ቆመና ወረወረ፤ አወራወሩ ያምር ነበር። አክስቴ ግን ውሃውን ትታ እሱን ነው የምታየው።

"ያቺ ጀልባ የማን ናት፣ አባዬ?"

"የዚያ ሰውዬ ናት።"

"የትኛው ሰውዬ?"

"ጀልባ ያለው ሰውዬ ነዋ!"

በሳቅ ፍርስ አልኩ። አክስቴ አልሳቀችም፤ ተማሪ ሲኮርጅ እንዳየች ሁሉ ከንፈሯን ነከሰች። አያቴ ደግሞ ወረወረ፣ ሳበ፣ ወረወረ፣ ሳበ። ላባዋ በመጣች ቁጥር ባዶ ናት። ያችን አራተኛ ፎቅ አይቻት ባላውቅም፣ አያቴን መስኮት አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጦ አየሁት፤ እኔም ትምህርት ቤት ሲዘጋ የምሄድበት የለኝም።

"ነይ፣ ያዢው" አለ አያቴ በድንገት፣ ዘንጉን ወደ እሷ ዘርግቶ። "ልጅ ሆነሽ ከእኔ ትበልጪ ነበር።"

"ረስቼዋለሁ።"

"እጅሽ አልረሳም። ጫማሽን አውልቂ። ዓይንሽንም ጨፍኚ።"

"ዓይኔን? ለምን?"

"ላባ የሚጠመደው በጣት ነው። ዓይን ያቻኩላል።"

እምቢ ትላለች ብዬ ስጠብቅ ጫማዋን አወለቀች። ዓይኗን ጨፈነች። ወረወረችም፤ ላባዋ ግን ወደ ጎን ሄዳ ከአጠገቤ፣ ሸምበቆው ውስጥ ጠብ አለች። ቁርጭምጭሚት በማይደርስ ውሃ ውስጥ።

"ሩቅ ሄደች?" አለች።

"በጣም ሩቅ!" አልኩ፣ ትእዛዟን ጥሼ።

"እንግዲያው ጠብቂያት፣ ትስመጥ" አለ አያቴ።

አንደኛዋ ዓይኗን ጨፍናለች። አንደኛው ፊቱን ለነፋሱ ሰጥቶ ያዳምጣል። እዚያ ዳር ላይ የሚያይ ሰው እኔ ብቻ ነኝ አልኩ በልቤ፤ ምን ያህል ልክ እንደነበርኩ ግን አላወቅኩም። ቦርሳውን ቀስ ብዬ ከፈትኩ። የጠዋቱን ዓሣ አወጣሁ። መንጠቆውን ከንፈሩ ላይ ሰካሁና ውሃው ውስጥ አስተኝቼው፣ ክሩን በሁለት እጄ ይዤ ባለ በሌለ ኃይሌ ጎተትኩ።

"ኡኡ!" አለች ርዕሰ መምህርቷ። "አባዬ! ያዘልኝ! ያዘልኝ እኮ!"

"ዘንጉን ከፍ! ክሩን አታላዪው!"

ጎተትኩ፣ ለቀቅኩ፣ ጎተትኩ። ያን ቀን ዓሣው ስለ ሕይወቱ ተጋደለ፤ ከሞተ በኋላም ቢሆን። በመጨረሻ ለቀቅኩትና ከሸምበቆው ወጥቼ ቆምኩ፤ አክስቴም ወደ ኋላ እየሄደች ሣሩ ላይ ጎትታ አወጣችው።

የረሳሁት ነገር ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። የዓሣው ሆድ ቁልፉ እንደተፈታ ካፖርት ወለል ብሎ ተከፍቷል። ውስጡ ባዶ ነው፣ ታጥቦ የጸዳ።

አክስቴ ዓይኗን ገለጠች። ዓሣውን አየችው። ከዚያ እኔን አየች፤ ውሃ እየረጨሁ ስታገል ጉልበቴ ድረስ ርሻለሁ። ሁለት እጄን አጋጥሜ በዓይኔ ለመንኳት። ፊቷን ወደ አባቷ መለሰች።

"አባዬ" አለች፣ ድምፅዋ ቀጥኖ። "እየው እስቲ፣ እንዴት እንደሚዘል!"

የአያቴ ፊት በራ።

"አየሁት! አየሁት! እንዴት ነው የሚዘለው በይ! ያዢው፣ ወደ ውሃው እንዳይመለስብሽ!"

ዓሣው ንቅንቅ አላለም።

ልቤ በደስታ ልትፈነዳ ደረሰች። በአንድ ጊዜ ሁለት ነገር ነበር የገባኝ። አክስቴ የከተማ ሰው ስለሆነች ዓሣ ሆዱ ተከፍቶ የሚወለድ ይመስላታል። አያቴ ደግሞ ሁሉን አይቶ፣ ተንኮሌን አውቆ፣ ዓይኑን ሳያሽ ዋሸልኝ። እንዲህ ያለ አያት ያለው ማን ነው? ልሄድና አንገቱ ላይ ልጠመጠምበት ቃጣኝ።

አክስቴ እንባዋ ይወርዳል። ዓሣ በመያዟ ነው አልኩ፤ እኔም የመጀመሪያዬን ስይዝ አልቅሻለሁ።

"አምጪው፣ ላላቅቅልሽ" አለና አያቴ እጁን ዘረጋ።

"አይሆንም!" አለች። "የራሴን ዓሣ እኔ ራሴ!"

ሣሩ ላይ ተንበረከከች፣ ቀለም በተቀቡ ጥፍሮቿ መንጠቆውን ታግላ አወጣችው፣ ዓሣውንም ጣቱ ሳይደርስበት ቦርሳው ውስጥ ከተተችው። ስስታም ናት አልኩ። እጁ ያንን የተከፈተ ሆድ እንዳይነካ እየተሽቀዳደመች እንደነበር ዛሬ ነው የማውቀው።

ወደ ቤት ስንመለስ ክንዷን ሰጠችው፤ ሁለቱም ቀስ ብለው ከፊቴ ተራመዱ፣ እሷ ጫማዋን በእጇ አንጠልጥላ። እኔ ዘንጉን ተሸክሜ ከኋላ ቀረሁ። ትከሻዬ ባዶ ስለሆነ ትንሽ ቀናሁ።

እራት ላይ አያቴ ሳህኑን በሹካ ዳሰሰው።

"አንድ ብቻ? የጠዋቱስ ዓሣ?"

ትልቅ ጉርሻ አፌ ውስጥ ወተፍኩ።

"ድመት ይዛው ሄደች" አለች አክስቴ። "ቦርሳውን ክፍት ትቼው ነው፣ አባዬ።"

አያቴ ድመቷን ረገማት። እኔ አክስቴን ትክ ብዬ አየኋት። ለምን እንደዋሸች አልገባኝም፤ ሁለት ዋሾዎች ግን አንዱ ባንዱ ላይ እንደማያሳብቁ ገብቶኛልና አንገቴን ደፍቼ በላሁ። እሷ አንድ ጉርሻ ብቻ ቀመሰች። ሳህን ስናጥብ ጆሮዬን ቆነጠጠችኝ። "ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይላሉ" አለችኝ፣ "ያንቺ ግን በቃን።"

በማግስቱ ሻንጣዋን ብቻ ይዛ ሄደች። ከወፍጮ ቤቱ ስልክ ለእናቴ ስትነግራት አጠገቧ ነበርኩ። "ምንም አልሆነም፣ ከእኔ የተሻለ ያያል" አለቻት። ባለወፍጮውን ደግሞ ወደ ጥግ ወስዳ ብዙ አናገረችው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰውየው ጠዋትም ማታም ቤታችን ጎራ ማለት አበዛ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ተመልሳ መጣች። በሌላውም ቅዳሜ። አያቴ እስኪሞት ድረስ በየቅዳሜው ያንን የተጨናነቀ አውቶቡስ ተሳፍራ እየመጣች፣ ሐይቁ ዳር በባዶ እግሯ ቆማ ላባ ስትወረውር ትውላለች። ዓሣ የማጥመድ ሱስ ያዛት፣ ያስያዝኳትም እኔ ነኝ እያልኩ እኮራ ነበር።

በቅርቡ ልጠይቃት ሄጄ፣ ለልጇ ልጆች ይህንኑ ጀብዱዬን ማውራት ጀመርኩ። አክስቴ አሁን አርጅታለች፤ ጆሮዋ ደከም ብሏል፣ ምላሷ ግን ያው ነው። ልጆቹ እየተንከባለሉ ሲስቁ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ሲወጡ ወደ እኔ ዞረች።

"አንቺ ነሽ ያጋለጥሽው፣ ታውቂያለሽ?"

"እኔ?"

"እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እርግጠኛ አልነበርኩም። በጀልባዋ ጥያቄ ሊያመልጠኝ ደርሶ ነበር። ያንን የታጠበ ዓሣሽን ሳይ ነው እንዴት እንደሚዘል እየው ብዬ መፈተን የመጣልኝ።" ሻይዋን አማሰለች። "ደግሞ ዓሣ አልወድም። ሽታው ያቅለሸልሸኛል፤ ያን ሁሉ ቅዳሜ ትንፋሼን ይዤ ነው የመጣሁት።"

ደነገጥኩ። ልጅነቴን ሙሉ የተኩራራሁበት ነገር ከእጄ ወጣ፤ አያቴም በዚያ የበራ ፊቱ የማያየውን ዓሣ ነበር አየሁት ያለው።

"ታዲያ ካወቅሽ ለምን ተውሽው?" አልኳት። "ልትወስጂው አልነበር የመጣሽው?"

"ነበር። ሻንጣዬ ውስጥ ለልብሱ ቦታ ትቼ ነበር የመጣሁት።"

ወደ መስኮቱ ዞረች። አሁንም እዚያው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው፤ ከማዶ ሌላ ፎቅ ይታያል።

"አየሁት ሲል ፊቱን አላየሽም እንዴ?" አለች። "እዚያ ቆሞ የሞተ ዓሣ ሲዘል ያየ ሰው ነው። እዚህ አምጥቼ ምን ላሳየው ነበር?"